ስለ ታሰረች ጭልፊትና ስለ ብርድ ወራት

ዝናም አቁሞ መስቀል ካለፈ በኋላ በደጋው አገር ሰማዩ ይጠራል። ደመና የሌለበት ሰማይ ግን ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት አይጠብቅላትም፤ ስለዚህ ቀኑ ብሩህ እየሆነ በሄደ መጠን ሌሊቱ ይከርራል። ከደጎሎ ሜዳ አንሥቶ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ያለው የወሎ ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ይህን ሌሊት አሳምሮ ያውቀዋል። ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያል፤ እህሉ ያልደረሰለት ገበሬም ማታ ማታ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ትንሽ ደመና ይመኛል።

ሰው ለዚህ ጊዜ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ጋቢውን ያወጣል፤ ኩበቱንና እንጨቱን አድርቆ ይከምራል፤ የተሰነጠቀ ግድግዳውን በጭቃ ይመርጋል፤ በግና ጥጃውን ወደ ቤት ያስገባል። ለሆዱም ያስባል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የአባቶች ቃል የተነገረው ስለዚህ ነው። ቃሉ አጭር ቢሆንም፥ ብርድን የሚያሸንፈው ልብስ ብቻ ሳይሆን ምግብም ጭምር መሆኑን ያስተምራል። ይህም ትምህርት ለሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለእንስሳና ለአዕዋፍም ይሠራል፤ ይልቁንም በሰው እጅ ታስራ ራሷን መርዳት ለማትችል አዳኝ ወፍ ይሠራል።

በዚሁ በብርዱ ወራት በደጎሎ ሰማይ ላይ ዐይኑን የሚያነሣ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። ሰው ከብርዱ ሸሽቶ ወደ ምድጃው ሲጠጋ፥ አዳኝ አሞሮች ግን ከሩቅ አገር ወደዚህ ይመጣሉ። ከሩስያና ከመካከለኛው እስያ ሰፊ የሣር ሜዳ የሚነሣው የእስቴፕ ንስር፥ በታጨደ እርሻ ላይ ዝቅ ብለው የሚያንዣብቡት ክንፈ ረጃጅም ጭልፊቶች፥ ባየር ላይ ባንድ ቦታ ቆመው ክንፋቸውን የሚያራግቡት ትንንሾቹም ሁሉ ከእነዚህ እንግዶች ወገን ናቸው። ብዙዎቹ የዐረብን ምድር አቋርጠው በባብ ኤል መንደብ ጠባብ ባሕር ላይ ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። በ1980 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ወር ግድም፥ ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987፥ በዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ሩብ ሚሊዮን ያህል አዳኝ አሞሮች ሲያልፉ ቆጥረዋል፤ ከእነዚህም ከ70,000 የሚበልጡት የእስቴፕ ንስሮች ነበሩ።

በመጽሐፈ ኢዮብ በ39ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ኢዮብን ከጠየቀው ነገር አንዱ ጭልፊት ወደ ደቡብ ስለ መብረሯ መሆኑን ሊቃውንት ያውቁታል። በዚያ የተነሣው ነገር ለደጎሎ ሰው በየዓመቱ በዐይኑ ይታየዋል።

እንግዲህ እነዚህ አዕዋፍ ከምን ሸሽተው ይመጣሉ? ብርድን ፈርተው ነው ቢባል እውነቱ ግማሽ ነው። ላባቸው የደጎሎን ሌሊት ብቻ ሳይሆን ከዚያ የባሰውንም ሊችል ይችላል። ነገር ግን በሰሜን አገር ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን አይጡና ፍልፈሉ ከመሬት በታች ይሰወራል፤ ትንንሾቹ ወፎች ይሰደዳሉ፤ አዳኙም የሚበላው ያጣል። ስለዚህ ከብርዱ ይልቅ የሚያሳድዳቸው ረኃብ ነው። እዚህ ግን ነዶ በተከመረበት፥ አይጥ በሚሯሯጥበት አገር ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይመግባል።

የአገሩ ተወላጆች የሆኑትም በየገደሉ ይኖራሉ። ሽኮኮ የሚያድነው ጥቁር ንስር ከአምባው አይለይም። አጥንት ከከፍታ ላይ በዐለት ላይ እየጣለ፥ ሰብሮ የሚበላው ባለ ጢሙ አሞራም እንዲሁ ነው። እነዚህ ብርድ ሲመጣ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ነፋስ ከምሥራቅ ሲነፍስ በገደሉ ምዕራብ ያድራሉ። ፀሐይ ስትወጣ ፊቱ ወደ ፀሐይ በሆነ ዐለት ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ። ውርጩ ቢበረታ ደግሞ የወሎ ደጋ አቀማመጥ ራሱ ይረዳቸዋል። የደጎሎ ሜዳ ዳር ደርሶ ወደ ወንጪት ሸለቆ የተመለከተ፥ ወይም ከቦረና ጫፍ ወደ ዓባይ በረሃ የተመለከተ ሰው ይህን ያስተውላል። ሰው በበቅሎ ግማሽ ቀን የሚወርደውን ቁልቁለት ንስር ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ተንሸራቶ በጥቂት ጊዜ ይወርደዋል፤ ከደጋ ውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት ለመድረስ ከዚያ የበለጠ አያስፈልገውም።

ለነጻ ወፍ ይህ ሁሉ ተሰጥቷታል። በእግሯ ላይ አንድ ክንድ ገመድ በታሰረ ቀን ግን ይህ ሁሉ ይወሰድባታል።

ይህን አጥርቶ ለማየት የወፍ ገላ ብርድን እንዴት እንደሚችል ማወቅ ይገባል። የወፍ ገላ ከሰው ገላ ይልቅ ሙቅ ነው፤ 40 ዲግሪ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ይህን ሙቀት የሚጠብቅላት ላባዋ ነው፤ ነገር ግን ላባው በራሱ እሳት የለውም። የሚጠቅመው በላባውና በላባው መካከል ተይዞ የሚቆመው አየር ነው። ጋቢ ከነጠላ ይልቅ የሚያሞቀው በድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ወፍም ብርድ ሲሰማት ላባዋን ነፍታ የምትድበለበለው አየሩን ለማብዛት ነው። ከጅራቷ ሥር ባለች ዕጢ ቅባት አለ፤ በመንቁሯ ከዚያ እየወሰደች ላባዋን ትቀባለች፤ በዚህም ውኃ አይዘልቃትም። ላባ የሌለበት እግሯም ዘዴ አለው። ከገላዋ ወደ እግሯ የሚወርደው ሙቅ ደምና ከእግሯ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ተጠጋግተው ስለሚያልፉ፥ የሚወርደው ለሚመለሰው ሙቀቱን ያካፍለዋል። ከዚህም ጋር አንዱን እግሯን አጥፋ በሆዷ ላባ ውስጥ ትሸሽጋለች፤ በሌላው ትቆማለች። ጭልፊት ባንድ እግሯ ቆማ የሚያይ ሰው ቆሰለች ብሎ አይዘን፤ ደኅና ሆና ማረፏ ነው።

ነገር ግን ላባው የሚጠብቀው ከውስጥ የሚነሣውን ሙቀት ነው። የውስጡ እሳት የሚነደው በምግብ ነው። በዚህም ላይ ትንሽ ወፍ ከትልቅ ወፍ ይልቅ ፈጥና ትበርዳለች፤ ትንሽ ድስት ከምድጃ ሲወርድ ከትልቅ ጋን ይልቅ ፈጥኖ እንደሚቀዘቅዝ ማለት ነው። 4 ወይም 5 ኪሎ የሚመዝን ንስር አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ሊቈይ ይችላል። 200 ግራም ያህል የምትመዝን ጭልፊት ግን አንድ ቀን ጦሟን ውላ አንድ የውርጭ ሌሊት ቢጨመርባት ነፍሷ አደጋ ላይ ትወድቃለች።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በደጎሎ ዳርቻ ያለ አንድ ቤት በምሳሌ ይታሰብ። በኅዳር ወር አንድ ልጅ ከአውድማው አጠገብ ክንፏ የተጎዳ ጭልፊት ያገኛል። በነጠላው ጠቅልሎ ወደ ቤት ያመጣታል፤ አንድ እግሯንም በሲባጎ አስሮ ከግድግዳው ሥር በተተከለ ችካል ላይ ያቆማታል። እናቱ ባየች ጊዜ ትቈጣለች።

«ጫጩቶቼን ስትለቅም የከረመችው እሷ አይደለችም? ደግሞ ቤት ድረስ አመጣህልኝ?»

«እማዬ፥ ክንፏ እስኪድን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው አያት ከደጅ ተቀምጠው ይሰማሉ። «ተያት ልጄ» ይሏታል እናቲቱን፤ ወደ ልጁም ዞረው «አንተም ስማ፤ እንግዲህ ካሰርካት እንግዳህ ናት» ይሉታል።

ልጁ የእንግዳ አቀባበል ያውቃል። ከሚበላው እንጀራ ይቈርስላታል፤ ገብስም ይበትንላታል፤ ጭልፊቷ ግን ፊቷን ታዞራለች። አቧራ የለበሰ ላባዋን አይቶ ያዝንና ወደ ማታ ግድም ውኃ አምጥቶ ያጥባታል። ሲመሽ የቤቱ ሰው ሁሉ ይገባል፤ እርሷም ከችካሏ ሥር በመሬት ላይ ትቀራለች። ማግስቱንም እንዲሁ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ንጋት ሲወጡ ደርቃ ያገኟታል።

እናትዮዋ ቈጣዋ ጠፍቶ «ውይ፥ ብርድ ገደላት» ትላለች።

አያት ግን ወፏን አንሥተው በእጃቸው ይመዝኗታል፤ ከዚያም የልጁን ጣት ይዘው በደረቷ ላይ ያኖሩታል። የደረቷ አጥንት ሥጋ አጥቶ እንደ ቢላዋ ስሏል።

«አየህ ልጄ? ብርድማ ኑሮዋ ነበረ። ይህች ወፍ በባዶ ሆዷ ነው የሞተችው፤ በዚያም ላይ ርሳ፥ በዚያም ላይ መሬት ለመሬት አድራ።»

እናትዮዋም ጥቂት ዝም ብላ ቈይታ «እኔ እኮ ዶሮዎቼን ቆጥ ሳላወጣቸው አድሬ አላውቅም» ትላለች።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ልጁ የራራው ከልቡ ነው። ነገር ግን ርኅራኄው ዕውቀት ስለ ጐደለው፥ ገመዱ ሦስት ነገር ሲወስድባት አላየም። መጀመሪያ ምግቧን ወሰደባት፤ ሥጋ በል ወፍ እንጀራና ገብስ አይሆናትም። ሁለተኛ ድርቀቷን ወሰደባት፤ ላባዋ በምሽት ሲርስ በመካከሉ የነበረው አየር ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ ጋቢዋ እንደ ተነከረ ጋቢ ሆነ። ሦስተኛ ምርጫዋን ወሰደባት፤ ከነፋስ ልትዞር፥ ከፍ ብላ ልታድር፥ ጧት ወደ ፀሐይ ልትሄድ አልቻለችም። ስለዚህ አስሮ የያዘ ሰው የወሰደውን እነዚህን ሦስት ነገሮች በየቀኑ መልሶ መስጠት አለበት። አዳኝ ወፎችን ለብርድ ወራት ማዘጋጀት የሚባለው ሥራ ሁሉ በዚህ ይጠቀለላል።

የኢትዮጵያ ደጋ ሰው በጭልፊት የማደን ልማድ የለውም፤ ጭልፊት ለእርሱ የጫጩት ጠላት ናት። በሌላው ዓለም ግን ይህ ጥበብ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይኖራል። የጀርመን ንጉሠ ነገሥትና የሲሲልያ ንጉሥ የነበረው 2ኛው ፍሬድሪክ ከ1194 እስከ 1250 በፈረንጆች አቆጣጠር የኖረ ሲሆን፥ በአዕዋፍ ስለ ማደን በላቲን ቋንቋ ታላቅ መጽሐፍ ጽፏል፤ ከመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ በዐይኑ ያየውን የሚያምን ሰው ስለ ነበረ አርስጣጣሊስን እንኳ ስለ አዕዋፍ በጻፈው ከማረም አልተመለሰም። በሞንጎልያ ምዕራብ በባያን ኡልጊ አውራጃ የሚኖሩ የካዛክ ወገኖች ዛሬም በፈረስ ተቀምጠው በንስር ቀበሮ ያድናሉ፤ የሚያድኑትም ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ በሚችልበት ጊዜ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በ2010 እ.ኤ.አ. በ11 አገሮች ስም በሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ጽፎታል፤ በ2021 የአገሮቹ ቍጥር 24 ደርሷል።

እነዚህ ሰዎች በልምድ ያገኙት የብርድ ወራት ሥርዐት በሚዛን ይጀምራል። ወፍ የሚያሳድግ ሰው ወፉን በየቀኑ ይመዝናል። ምክንያቱም የሚያሳድናት ረኃቧ ነው፤ የጠገበች ጭልፊት ከዛፍ ላይ ተቀምጣ ጌታዋን አትሰማም። ስለዚህ ጌታዋ ክብደቷን ጥቂት ቀንሶ ይይዛታል። በሙቀት ወራት ይህ ብዙ አያሰጋም። በብርድ ወራት ግን ለአደን በሚበቃ ረኃብና በሚገድል ረኃብ መካከል ያለው ልዩነት፥ በትንንሾቹ ዘንድ ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ ያንንም አንድ ሌሊት ሊፈጀው ይችላል። በዚህ ጊዜ አዋቂው ሰው አደኑ ቢቀርበትም ምግቧን ይጨምራል፤ ያላወቀው ግን ለጨዋታው ሲል ወፏን ያጣል።

ምግቡም እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው ይለያል። ቀይ ሥጋ ብቻ አይበቃም፤ አይጥ ወይም ጫጩት ከነአጥንቱና ከነላባው መስጠት ይገባል። አጥንቱ ለአጥንቷ ይሆናታል፤ ላባውና ጠጕሩም በሆዷ ተጠቅልሎ በማግስቱ በአፏ ትተፋዋለች፤ ይህም ለጤናዋ ነው። ጨው የነካው ሥጋ አይሰጣትም። በውርጭ የቀዘቀዘ ሥጋም ለብ ሳይል አይሰጣትም፤ የሆዷን እሳት እንዲያነድ የተሰጣት ማገዶ መጀመሪያ እሳቱን እንዳያጠፋው ነው።

ከምግብ ቀጥሎ ድርቀት ነው። አዳኝ ወፍ በብርድ ጊዜም መታጠብ ትወዳለች፤ አይከለከልም። ነገር ግን የመታጠቢያው ውኃ ጧት ፀሐይ ሲወጣ ይቀርብላታል፤ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ ሳይመሽ ላባዋ ሁሉ መድረቅ አለበትና። ርሳ በመሬት አጠገብ ታስራ ውርጭ ያደረባት ወፍ፥ ባትሞት እንኳ በክንፏ ጫፍ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይወጣባታል። እብጠቱ ደም እንዳይደርስ ያግዳል፤ ላባውም ይረግፋል፤ ከባሰም የክንፉ ጫፍ ራሱ ደርቆ ይወድቃል፤ ያች ወፍ ዳግመኛ አትበርም። ይህ ደዌ ብዙ ጊዜ የሚታየው በሞቃት አገር ተፈጥረው በሰሜን በሚታሰሩት ላይ ነው። ከአሜሪካ ምድረ በዳ የመጣችው የሃሪስ ጭልፊት ለዚህ ምስክር ናት፤ በአውሮፓ ብዙዎች ያሳድጓታል፤ ብርዱ ሲከፋ ግን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የምትሻ እርሷ ናት።

ሦስተኛው የማደሪያዋ ነገር ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ ሌሊት ወደ መሬት ይወርዳል፤ ስለዚህ ወፏ ከመሬት ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ታድራለች። መቆሚያው ብረት አይሆንም፤ ብረት በውርጭ ጊዜ ጣትን ያቃጥላል። እንጨት ሆኖ ገመድ ወይም ሻካራ ጨርቅ ይጠቀለልበታል። ቤቱ ነፋስ የማይመታው፥ ነገር ግን አየር የሚተላለፍበት ይሁን። በዚህ ላይ ለደጋ ሰው ልዩ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ሰው ወፏን ወደ ምድጃው ቢያስጠጋት በጎ የሠራ ይመስለዋል። የወፍ ሳንባ ግን ከሰው ሳንባ ይልቅ ለጭስ ደካማ ነው፤ የከሰል ጭስም በተዘጋ ቤት ከሰው አስቀድሞ ወፍን ይገድላል። ከበታቿ የሚነጠፈው ጭድም ደረቅ መሆን አለበት። የረጠበ ጭድ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ከትንፋሿ ጋር ገብቶ በሳንባዋ ውስጥ ይበቅላል፤ ይህ በሽታ በታሰሩ አዳኝ ወፎች ዘንድ ከሚፈሩት ሁሉ የከፋው ነው። በመጨረሻም የእግሯ ጠፍር ቅባት ይቀባል፤ ደርቆና ከርሮ እግሯን እንዳይቆርጥ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው፥ ይህ ለነገሥታት እንጂ ለደጎሎ ሰው ምን ይረባል ይል ይሆናል። ነገር ግን የደጎሎ እናቶች የዚህን ጥበብ አብዛኛውን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ዶሮዋን ከመሬት አንሥታ በቆጥ ላይ የምታሳድር ሴት፥ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች እንደሚወርድ ማንም ሳያስተምራት ትሠራበታለች። የታቀፈችውን ዶሮ ነፋስ ከማይነካው ጥግ የምታስቀምጥ፥ ሳይመሽ ጥሬ የምትበትንላት፥ ዝናም የመታትን ጫጩት በጨርቅ አድርቃ በቅርጫት የምትከድን እርሷ ናት። ዶሮና ጭልፊት ጠላቶች ቢሆኑም በብርድ ፊት ፍላጎታቸው አንድ ነው። ከላይ በተነገረው ምሳሌ የልጁ እናት መጨረሻ የተናገረችው ቃል ይህን ያመለክታል። ዕውቀቱ በቤቷ ነበረ፤ ለጠላቷ ይገባል ብላ ግን አላሰበችም ነበር።

ዛሬ በኢትዮጵያ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541/1999 ይህን ደንግጎ ነበር። ስለዚህ የቆሰለች ጭልፊት ወይም ንስር ያገኘ ሰው የሚገባው ለጊዜው ማስጠለል እንጂ ማሰር አይደለም። አየር የሚገባበት ሣጥን ወይም ቅርጫት ይፈልግ፤ ደረቅ ጨርቅ ያንጥፍበት፤ ወፏን በጨለማና በጸጥታ ያኑራት። ጨለማ ለእርሷ ዕረፍት ነው፤ የሰው ፊት ማየት ግን ያስደነግጣታል፤ የልጆችም መሰብሰብ ያደክማታል። ከቀዘቀዘች መጀመሪያ ትሙቅ፤ ሳትሞቅ አትመገብ። በጣም ከስታ እንደ ሆነ ብዙ ሥጋ ባንድ ጊዜ አይሰጣት፤ የደከመ ሆድ የተሰጠውን ሳይፈጭ ይሸታል፤ ያም ይገድላታል። ውኃም በግድ በአፏ አይፈስስባት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባልና። ከዚያ በኋላ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች ማስታወቅ ይገባል። በመካነ ሰላም በኩል ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ስለ ሆነ፥ ጠባቂዎቹ ከአገሩ ሰው ሩቅ አይደሉም።

አንዳንዱ ሰው ማሰር ሁሉ ክፉ ነው ብሎ እንዳይፈርድ፥ ከአልፕስ ተራራዎች የተገኘ አንድ ምስክር አለ። አጥንት የሚሰብረው ባለ ጢሙ አሞራ በዚያ አገር የበግ ግልገል ይነጥቃል፥ ሕፃናትን እንኳ ይወስዳል ተብሎ በሐሰት ይታማ ነበር። ስለዚህ ሰው በጠመንጃና በመርዝ አሳደደው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይም ከአልፕስ ፈጽሞ ጠፋ። በኋላ ሰዎች ተጸጽተው በየመካነ እንስሳቱ የተረፉትን ጥንዶች እያሳደጉ ማራባት ጀመሩ። ይህ አሞራ በዚያ አገር ዕንቍላሉን የሚጥለው በብርዱ ወራት መካከል ነው፤ ስለዚህ የጠባቂዎቹ የብርድ ዝግጅት ሁሉ ለአንድ ትውልድ መትረፍ የሚደረግ ነበር። ጫጩቶቹ ለመብረር ጥቂት ሲቀራቸው ወደ ተራራው ተወስደው በዐለት ዋሻ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሰው እንዳይለምዱም ምግባቸው በስውር ይቀርብላቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ የተለቀቁት በ1986 እ.ኤ.አ. በኦስትርያ በራውሪስ ሸለቆ ነው። በ1997 በፈረንሳይ አልፕስ ከነጻ ወላጆች የተወለደ የመጀመሪያው ጫጩት በረረ፤ እስከ ዛሬም ከ200 የሚበልጡ ተለቅቀዋል። የእነዚያ ሰዎች ማሰር ፍጻሜው መፍታት ስለ ነበረ ማሰራቸው ተመሰገነ።

ፈረንጆቹ በብዙ ድካምና በብዙ ወጪ ወደ ሰማያቸው የመለሱት ይህ አሞራ ለወሎ ደጋ ሰው እስካሁን ያለ ዋጋ በራሱ ላይ ያልፋል። ጫጩት አይነጥቅም፤ ግልገል አይሰርቅም፤ ሰው ሥጋውን በልቶ የጣለውን ይለቅማል። የደጎሎ ሰው በጥቅምት አንድ አጥንት ሲግጥ፥ የጋጠው አጥንት መርዝ ሳይነካው ከከተማው ዳር ወደ ገደሉ ቢጣል፥ በማግስቱ ፀሐይ ዐለቱን ሲያሞቅ ወስዶ የሚሰብረው አለ። ቅልጥሙን ሰው ያልደረሰበትን ያገኝበታል፤ ያ ለሚመጣው ሌሊት እሳቱ ነው። ይህን አሞራ ለብርድ ለማዘጋጀት ሌላ ቤት መሥራት፥ ሌላ ጠፍር መቀባት አያስፈልግም።